ፈት

ዴትሌፍ በዱይስቡርግ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት
ብረት ሲያቀልጥ ኖሮ፣ ምድጃው ጠፋበት።

ዛሬም ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ነቅቶ፣
ዳቦውን ቆራርሶ፣ ሻዩን በፔርሙስ ሞልቶ፣
ከተዘጋው በር ትይዩ፣ ከአጥሩ ሥር ይቀመጣል፤
ሦስት ሰዓት ሲሞላ ምሳ ዕቃውን ይከፍታል፤
ደወል የለም፤ ሆዱ ግን ሰዓቱን መች ይስታል።

ማክሰኞ ቢሮ ነው፤ ተራው መቶ አርባ ስምንት፣
ልጅ እግሯ ጸሐፊ ትሑት ናት፣ ፈገግ ባይ ናት፤
«ኮምፒውተር ይሞክራሉ? ስንት ማመልከቻ ጻፉ ዘንድሮ?»
«አርባ ሰባት» ይላታል፣ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ቀብሮ፤
አንድ ፊደል ሲጫን ሦስቱን የሚነካው ጣቱ አፍሮ።

ክፉ አይደለችም።
ገንዘቡም ይገባል በወሩ መባቻ፣
ለቤት ኪራይ፣ ለማሞቂያ፤ ልመና የለም፣ ፊርማ ብቻ።
አልተራበም። አልበረደውም።

ሥራ ፈት እንበለው፤ ቃላችን አልሳተም፣
ግን የፍቺው ወረቀት ላይ የሱ ፊርማ የለበትም።
እሷ ናት፣ ያች ፋብሪካ፣ የፈታችው ዓርብ ማታ፣
የሠላሳ አንድ ዓመት አልጋዋን አቀዝቅዛ፣ በሯን ዘግታ።
ስለ እሷ ሆኖ መንግሥት ቀለብ ይቆርጥለታል፤
ይቀበላል። ያመሰግናል።
ሲነጋ ደግሞ፣ ፔርሙሱን ይዞ፣
ደጇን ይጠናል።