ጫፉን ያዢልኝ

ሐዲዱ እዚህ አለቀ፤ ከዚህ ወዲያ ውሃ ነው፣
ኸል ላይ የወረደ ሰው መድረሻው ኸል ብቻ ነው።
ማንም በመንገዱ ሲያልፍ አያገኛትም፣
አስበው ካልመጡ ኸል አታጋጥምም።
እኔ አስቤ መጣሁ፦ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ጃንጥላ፣
ሃምሳ ሁለት ዓመት፤ ከዚህ በቀር የለኝ ሌላ።

የእንግዳ ማረፊያዋ ልጅ ቁልፍ እየፈለገች
«ለአንድ ሰው ነው?» አለች።
ዓሣ ጠባሿ ሴት ወንበር እየሳበች
«ለአንድ ሰው ነው?» አለች።
የሙዚየሙ ዘበኛ ምንም ሳይል ከኋላዬ አየና
የሚከተለኝ ጠብቆ፣ በሩን ዘጋው እንደገና።
«ብቻዋን የሮጠች ማን ይቀድማታል?» ይሉ ነበር እኛ ቤት፤
ይኸው አንደኛ ወጣሁ፦ በቁርስ፣ በእራት፣ በአውቶቡስ ትኬት።

እዚህ አገር ሰዉ ሁሉ «ፍቅሬ» ነው የሚለኝ፦
ሾፌሩ ሳንቲም ሲመልስልኝ፣
ፖስታ ቤት ያለችው ቴምብር ስትለጥፍልኝ።
መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ሾፌሩን ዞሬ አየሁት፣
እሱ እቴ! ቀጣይዋን አሮጊት «ፍቅሬ» ሲላት ሰማሁት።
ኋላ ግን ገባኝ፤ ቃሉ አሮጌ ሳንቲም ነው፣
ብዙ እጅ ያሸው፣ መልኩን የላጠው፤
ንግሥቲቱ አትታይም።
ግን ይገዛል። አይጣልም።

ማክሰኞ ዝናብ መጣ፤ ከላይ አይደለም፣ ከጎን ነው የሚመታው፣
ጃንጥላዬን ገልብጦ ሽቦውን አወጣው።
ሄስል ጎዳና ላይ፣ መስታወቱ ያላበው
ልብስ ማጠቢያ ቤት ገባሁ፤ ለመጠለል ብቻ ነው።
ስምንት ክብ መስኮት፣ ስምንት ማሽን ተደርድሮ፣
መርከብ ይመስላል ቤቱ፣ በአረፋ ታጥሮ።
አንዲት ሴት ቆማለች፤ ሰማንያ ቢሞላት ነው፣
ከማድረቂያው አንሶላ ትስባለች፤ ቢስቡት አያልቅም፣ የሁለት ሰው አልጋ ነው።

«ፍቅሬ፣» አለችኝ ዞር ብላ፣ «ነይ እስቲ ጫፉን ያዢልኝ።»
ያዝኩ። ትኩስ ነው። የቀዘቀዘው ጣቴ መሞቅ ጀመረልኝ።
አራገፍነው፣ ጎተትነው፣ እኔ በቀኝ እሷ በግራ፣
ትስቃለች፦ «እንዲህ አይደለም! ወደ እኔ አዙሪው በተራ።»
ጫፍ ከጫፍ ሊገጥም ሄድኩ፤ ጣታችን ተነካካ፣
ተመለስኩ። ደግሞ ሄድኩ።
ጭፈራ ነው ለካ።

ስሟ ሙሪየል ነው። «የክሊፍ እንጀራ ባሕር ነበር፤ እንዲያ ነበር ሥራው፣
ሦስት ሳምንት ከዓሣ ጋር፣ ሦስት ቀን ነው ከእኔ ተራው።
ብቻ መሆን አዲስ አይደለም፤ ሚስቱ ሆኜም ለምጄዋለሁ፣
በሦስቱ ቀን ግን አንሶላ ያጥፍልኝ ነበር፤ እሱን እፈልጋለሁ።
ቤት ማሽን አለኝ፤ ልጄ ገዝቶ ያስገባልኝ፣
ያጥባል፣ ያደርቃል፣ ሲጨርስ ይዘፍናል፤ ጫፉን ግን ማን ይያዝልኝ?
ስለዚህ በየማክሰኞው፣ ሳንቲም ቆጥሬ ከፍዬ፣
ጋሪዬን እጎትታለሁ፤ አንድ ሰው አይጠፋም ብዬ።
አንዴ ተማሪ ነው፣ አንዴ ፖላንዳዊ ግንበኛ፣
አንዴ ማንም አይመጣም። ዛሬ ነኝ እድለኛ።»

በእሷ ቋንቋ «አንቺ» እና «እርስዎ» አንድ ቃል ነው፤
እኔ ግን ከአፏ የሰማሁት «አንቺ»ን ነው።
«ብቻሽን ነሽ?» አላለችም።
ሻርፔን ከአንገቴ ፈታ ማድረቂያው ውስጥ ጣለች፣
«ሃያ ደቂቃ» አለች፣ «ቁጭ በይ» አለች።
ተቀመጥን። ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ጎረቤቷ ድመት፣
ስለ እኔ ሁለት ቃል፤ የቀረው የማሽን ጩኸት።

ረቡዕ ጠዋት ሻንጣዬን ዘጋሁ፤ ባቡሬ ሦስት ሰዓት ላይ፣
አንሶላዬን ከአልጋው ገፈፍኩ፤ ልጅቷ መጣች በሩ ላይ።
«ተዪው፣» አለች፣ «ለእጥበት የሚሄድ አንሶላ ማን ያጥፋል?»
እውነቷን ነው። ማንም አያጥፍም። ይጠቀለላል፣ ይጣላል።
«ፍቅሬ፣» አልኳት፤ ቃሉ አፌ ላይ እንግዳ ሆነብኝ፣
«ግድ የለም፣ ጫፉን ያዢልኝ።»

ሳቀች። ያዘች።
ጠማማ አጠፍነው።