አራተኛው ቅጂ

ከሚዛኑ አጠገብ፣ ፍኖተ ሰላም፣
ስምንት ዓመት ሆነኝ ጭነት ስመዘግብ፣ ሰነድ ስፈርም።
ነጩ ለመንግሥት ነው፣ ማኅደር ውስጥ ያድራል፤
ሮዙን ላኪ ይዞ፣ ቢጫው ከጭነት ጋር ለተቀባይ ይሄዳል፤
አራተኛው ቅጂ፣ ሰማያዊው፣ ስሱ፣
የሾፌሩ ድርሻ፣ የሚታጠፍ አራት፣ የሚያድር ከኪሱ።

መመሪያው አጭር ነው፣ በቃሌ ይዤዋለሁ፦
«አጓጓዥ ከጫነ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስኪያራግፍ ድረስ
ለጎደለው ሁሉ፣ ለፈሰሰው ሁሉ፣ ተጠያቂው እሱ ነው፤
ከአቅም በላይ ኃይል ወይም የዕቃው ጠባይ ካላመጣው በቀር፤
ይህም የሆነ እንደሆን፣ ‹አስተያየት› በሚል ዓምድ በጽሑፍ ይስፈር።»
ያች ዓምድ ጠባብ ናት፤ ሁለት ጣት አትሞላም።
ባዶዋን አትሜ ስንቱን ሸኝቻለሁ፣ አሁን አልዋሽም።

በኅዳር አጋማሽ ይበልጣል መጣ፣
በኤፍ ኤስ አሩ ላይ መቶ ማዳበሪያ ዛላ በርበሬ ጭኖ፣ አፍንጫ የሚቀጣ።
ሚዛኑ ቆጠረ፦ አርባ ሁለት ኩንታል፣ በላዩ ስልሳ ኪሎ።
ይበልጣል ግን ወርዶ፣ እጁን ከማዳበሪያው ሆድ አግብቶ፣ አንድ ዛላ አጥፎ፣
«አይሰበርም እኮ፤ እንደ ቆዳ ይታጠፋል፤ ጻፊልኝ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

ነጋዴው ቢረሳው፣ ከኋላዬ ቆሞ፣
«ምኑን ነው የምትጽፊ አንች? ልታሳድሪን ነው?» አለ አጉረምርሞ።
ጻፍሁ። ሆኖም ቀለል አድርጌ፣ ነጋዴው እንዳይከፋው፣
በስክሪብቶ ጫፍ፣ ሰው እንደሚያንሾካሹክ፦ «ዛላው ርጥበት አለው።»
ነጩ ላይ ይነበባል። ሮዙ ላይ ጭረት ናት።
ቢጫውና ሰማያዊው ላይ ምንም የለም።
ምንም።

ደምበጫን፣ አማኑኤልን፣ ማርቆስን አለፈ፤
በየኬላው ወርዶ ሰነዱን ዘረጋ፤ ፈታሽ ማኅተም አይቶ «ሂድ» ብሎ አሳለፈ።
ከደጀን በታች፣ ዓባይ በረሃ ላይ፣ ፍሬኑ ጋለና
ሁለት ቀን ቆመ፣ መለዋወጫ እስኪመጣ፣ ድንጋይ ከጎማው ሥር ተወሸቀና።
ፀሐይ ሥራዋን ሠራች። ውሃው፣ ማንም ሳያስቆመው፣
ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ፊርማ፣ በሸራው ቀዳዳ ወጣ፤ ኬላም አልጠየቀው።

መርካቶ ተመዘነ፦ ሦስት ኩንታል ጎደለ።
ተቀባይ ቢጫውን ገልጦ፣ ባዶዋን ዓምድ አይቶ፣ «መንገድ ላይ ሸጠሃል!» አለ።
ስሙ ይበልጣል ነው፤ ጭነቱ ግን አነሰ፤
የሦስት ኩንታል ዋጋ ከአበሉ፣ ከደመወዙ፣ በየወሩ ተቀነሰ።

ጥር ላይ ተመለሰ። አልጮኸም። ሰማያዊውን
ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ፣ ባዶ ቦታዋን በአውራ ጣቱ ነካ፦
«እዚህ ነበረች» አለኝ። ሌላ ቃል አልተካ።
ማኅደሩን አወጣሁ፤ ነጩን አየነው አብረን፤
የእኔው እጅ ጽሑፍ፣ ዓይን አፋር፣ ሰልፉን እንደሳተ ጉንዳን።

ግልባጭ አተምሁለት፣ ደብዳቤ ጻፍሁለት ወደ ማኅበሩ፤
«በማጣራት ላይ ነው» ይሉታል በስልክ፤ ወራት ተቆጠሩ።

ሕጉን አልወቅስም። ሕጉ ቦታ ሰጥቶ ነበር፣ ሁለት ጣት የምታህል፤
እኔ ነኝ በሹክሹክታ የሞላኋት፣ ማንም እንዳይከፋ ስል።

ዛሬ ስጽፍ በክንዴ ነው። ስክሪብቶ በሳምንት ይሰበራል፤
«ኧረ ቀስ አንች!» ይላሉ ጫኞች፤ ወረቀቱ ይበሳል።
ቃሉ አራቱን ቅጂ አልፎ፣ ካርቦኑን አልፎ
ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። ማታ መብራት ሲጠፋ በጣቴ ስዳስሰው፦
ርጥብ። አፉ የተፈታ። ሸራ የሌለው። አንድ ማዳበሪያ የጎደለው።
አምስተኛ ቅጂ፣ ለማንም ያልተሰጠ፣
እንጨቱ የያዘው።