ሲያጌጡ

አሸዋ ገበያ፣ ከጃንጥላው ኋላ፣
አሥር ሰዓት አልፎ ሙቀቱ ሳይላላ፣
ረምዚ ከካርቶን፣ ከወረቀት መሐል
አወጣው ያን ጫማ፤ እጄ ቀድሞኝ ሄዷል።

ነጭ ቆዳ፣ ቀይ ጎን፣ አንገቱ ረዘም ያለ፣
ቁርጭምጭሚት አቅፎ ሊይዝ የማለ፤
ሶሉ እንደ ሐዲድ እንጨት ድርቅ ብሎ፣
በጅቡቲ በኩል ሌሊት ተንከባሎ
የመጣ ነው አሉ፣ እኔ ምን አውቄ።
ዋጋውን ሰማሁና ቆምኩኝ ተሳቅቄ።

«ፈትሒ፣ አቦ! የድሮው ነው፣ የዚያን ዘመን ሞዴል፤
የዛሬው ጫማማ ትራስ ነው፣ ምን ይባል!»
«ይቆነጥጣል» አልኩት። «ያምራል» ነው መልሱ።
ዋሸ አልልም፣ ያምራል። እኔም አልዋሸሁ ለእሱ።

አሥራ አምስት ዓመቴ፣ ምድር ባቡር ሜዳ፣
ሲሚንቶው እየፈጀ፣ ላብ እየተቀዳ፣
በወንድሜ ጫማ፣ በሁለት ቁጥር ትልቅ፣
ጋዜጣ ጎስጉሼ ከእግሬ እንዳይወልቅ፣
ስዘል እኔ ቀድሜ፣ ጫማው ኋላ ቀርቶ፣
ሳርፍ እሱ ዘግይቶ ይመጣል ተንኳክቶ።

የባቡር ነጂው ልጅ ዘምዘም ግን ነበራት
ይህንኑ ጫማ፣ አባቷ ያመጣላት።
ስትራመድ አያለሁ፣ ስትሮጥ አላይም፤
ቆዳው እንዳይታጠፍ ብላ ዝቅ አትልም።
አንድ ነጥብ ሳታገባ ውድድሩ አለቀ፣
ሰው ግን የሚያወራው ጫማዋ እንደደመቀ።
ቀናሁ። እስከ ዛሬ ያ ቅናት አልለቀቀ።

አሁን እግሬ ሰፍቷል። ሁለት ወልጃለሁ፤
ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ቆሜ አድራለሁ።
የሥራ ጫማዬ አረንጓዴ ላስቲክ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ፣
አይቆነጥጥ፣ አይከብድ፤ መልኩ ግን ያስጠላል እንደ ከረመ ዕዳ።
እግሬ ይወደዋል፤ ዓይኔ ግን በፍጹም
ዝቅ ብሎ አይቶት ፈገግ ብሎ አያውቅም።

ስለዚህ ከፈልኩ። ምን ላድርግ? ከፈልኩ።
የግማሽ ወር ደሞዝ ቆጥሬ አስረከብኩ።

ባጃጁን እምቢ ብዬ፣ በእግሬ ወደ ከዚራ፣
ቀጭ ቀጭ እያልኩኝ ከአስፋልቱ ጋራ።
ደቻቱ ደርቋል፤ ድልድዩ ላይ ቆምኩ ሁለቴ፣
አንዴ ለነፋሱ፣ አንዴ ለቁስለቴ።
«ሲያጌጡ ይመላለጡ» ትል ነበር እናቴ።
ተረት ይመስለኝ ነበር። ተረከዝ ነው ለካ፣
ከኋላ ተገፎ፣ ካልሲውን ደም ሲነካ።

ከሜዳው ጠርዝ ተቀመጥኩ ክሩን ፈትቼ፣
ሁለቱን እግሮቼን ወደ ፊት ዘርግቼ።
እንዴት ያምራል ጫማ፣ ካልተራመዱበት!
ከደንገጎ ንፋስ ወረደ፣ እፍ አለልኝ ቁስሌ ያለበት።

አንዲት ልጅ ኳስ ይዛ አጠገቤ ቆመች፣
በተቀደደ ሸራ፣ ወደ እግሬ አፈጠጠች።
«ቁጥሩ ስንት ነው?»
«ሠላሳ ዘጠኝ።»
«ይሆነኛል እኮ» አለች።

ሳቅሁ። ክሩን መልሼ አጠበቅሁ፣ ሁለት ዙር።
አልሰጠኋትም። ገና ነው።
ያማል።
ያምራል።
ትንሽ ይኑር።