በመሪው ሆድ ውስጥ

ጉንቦር በእግሯ መጣች፣ በረዶው ቦቲዋን ውጦ፣
በጓንቷ አንድ ፖስታ፣ ጠርዙ ወይቦ፣ ማዕዘኑ ተልጦ።
«ከሲክስተን መሳቢያ» አለች፣ «ዛሬ ሳጸዳ።»
ሌላ ቃል አልጨመረች፤ ቆመች እንደ እንግዳ፣
ግቢ ከቆመችው ፒካፕ ላይ ዓይኗን ተክላ፦
ባሏ ከስድስት ዓመት በፊት የሸጠልኝ፣
ጎኗ የዛገ፣ የኋላ በሯ የላላ።

አነበብኩት ቀስ ብዬ፣ በስዊድንኛ እየተደናቀፍኩ፦
«ክቡር ደንበኛችን፣ መኪናዎን ወደ ጋራዥ ይመልሱ።
በመሪው ሆድ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት፣
በግጭት ጊዜ ተነፍቶ እንዲያድንዎ የተሠራው፣
በእርጅናና በእርጥበት ምክንያት
የብረት ስባሪ ሊተፋ ይችላል።
ጥገናው በነጻ ነው።»

ለደረቴ ትራስ የተባለው፣ ጥይት ጎርሶ ኖሯል።

ቦሮስን ከዳር እስከ ዳር፣ ጡብ ጭኜ ወጥቼ ወርጄ፣
ጥሩምባ በመታሁ ቁጥር፣ ስቄም ተናድጄ፣
የሞትን በር ነው ለካ የማንኳኳው በእጄ።
ሶስናም ከጎኔ፣ እግሯን ዳሽቦርዱ ላይ ሰቅላ፣
ብርቱካኗን ትልጥ ነበር፣ ግማሹን ለኔ ከፍላ።

ፖስታው ግን ተከፍቷል። በቢላ፣ በጥንቃቄ።
ቀኑ ከሽያጩ ሦስት ሳምንት ይቀድማል።
ማየቴን አየች።
«ምናልባት» አልኩ፣ «መነጽሩ ጠፍቶበት ይሆናል።»
«መነጽሩ» አለች ጉንቦር፣ «ከአፍንጫው ወርዶ አያውቅም።»
ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፤ ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁም።

በማግስቱ ጋራዥ። ሴናድ፣ የቦስኒያው ልጅ፣ ዝገቷን በጣቱ ነካክቶ፣
«ወልዶ የማይረሳ ፋብሪካ!» አለና ሳቀ፣ «ልጁን ጠራ፣ ሃያ ዓመት ቆይቶ!»
አርባ ደቂቃ ፈጀ። የሰርዲን ጣሳ የሚያህል ብረት
አወጣና ዘረጋልኝ። አልነካሁት።
ሒሳቡ ዜሮ። ፈረምኩ።
«ደብዳቤውስ? ለመዝገብ ነው» ሲለኝ፣
«ጠፋ» አልኩት።
በደረት ኪሴ ነበር።

ማታ በጉንቦር ደጅ ሳልፍ ፍጥነቴን ቀነስኩ።
መብራቷ በርቷል። መዳፌን መሪው መሃል አሳረፍኩ።
ትንሽ ፈራሁ፣ እውነቱን ለመናገር፤
ከዚያ ሁለቴ ተጫንኩት፣ በቀስታ፣ አጭር አጭር።

መጋረጃው ተነቃነቀ።