የሹባ መደብር

ነሐሴ ነው። ዴይራ፣ ባኒያስ አደባባይ፣
ሬንጁ ቀልጦ ጫማ ይዞ በሚያስቀርበት ቀን ላይ፣
እኔ ሹራብ ደርቤ፣ ከመስታወቱ ወዲያ፣
ጠጉር አበጥራለሁ በሽቦ ማበጠሪያ፤
የቀበሮ ካፖርት፣ የሚንክ፣ የጥንቸል፣
ዋጋው በሩብልም በድርሃምም የሚባል።

ደረቴ ላይ ያለው ስም «ታማራ» ይላል፤
«ትብለጥ» ለአቡ ኒዛር ምላስ ይከብዳል።
ደንበኛ ሲገባ በዓይኑ ይጠቅሰኛል፣
ካልኩሌተሩን በጣቱ ወደኔ ይገፋል።

ሩሲያኛ ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም፤
አባቴ ነው፣ ሻለቃ ጥላዬ፣ ካርኮቭ አምስት ክረምት የከረመ፤
የታንክ መመሪያ ገልባጭ፣ የአማካሪዎች አፍ፣
የነሱን ትእዛዝ ለኛ ልጆች የሚያሳልፍ።
ማዕረጉ ሲወርድ፣ ጡረታው ሲቀር፣
ቃላቱን አወረሰኝ፣ ሌላ ስላልነበር።

ስለዚህ የኔ ሩሲያኛ አርጅቷል፤
ሰላም ስል እንኳ የሰልፍ ሜዳ ይሸታል።
የመጀመሪያ ቀን፣ ለአንዲት ባለ ወርቅ ጥርስ አሮጊት
«እንኳን ደህና መጡ፣ ታቫሪሽ» አልኳት።
ሳቀች። ቀጥላ መሐረብ አወጣች።
ከዚያ ዋጋ ሳትጠይቅ
ሁለት ካፖርት ገዛች፣ ለራሷና ለእህቷ ልጅ።
አቡ ኒዛር ቃሉ አልገባውም፤ ቁጥሩ ግን ገባው፦
«ምን እንዳልሽ አላውቅም፤ ለሁሉም በይው።»

ጓድ ማለት ነው።
በኛ ሰፈር ይህ ቃል በር የሚያንኳኳው ሌሊት ነበር።
አጎቴን ምትኩን «ጓድ፣ ለአንድ ጥያቄ ብቻ» ብለው ሲጠሩት
ነጠላ ጫማውን በቅጡ ሳያጠልቅ ወጣ፤
አንደኛው እግር ደጃፉ ላይ ቀረ፣
ሌላው ከሱ ጋር አልመጣም።
አባቴ ያኔ ካርኮቭ በረዶ ይጠርግ ነበር።
ደብዳቤው ሲደርሰው
ጓዶቹ ፊት ለማልቀስ አልደፈረም።

አሁን ያው ቃል አምስት በመቶ ኮሚሽን ያስገኛል፤
ወር ሲያልቅ በሐዋላ ይሻገራል፣
የአባቴን የደም ግፊት ኪኒን ይገዛል።

ዘንድሮ የሚመጡት ሌሎች ናቸው። ካፖርት አይሹም።
ትናንት አንዱ፣ ጢሙ ገና ያልጠነከረ፣
የእናቱን ሹባ በፌስታል ይዞ ገባ፦ «ትገዢኛለሽ?»
ከምን እንደሸሸ አልጠየቅሁትም፤
ስልኩ በጠራ ቁጥር ትከሻው ይዘላል።
ታቫሪሽ ልለው አፌን ከፈትኩ፣
ዋጥኩት።
ዝም ብዬ ገበሩን ዳበስኩ።
ኪሱ ውስጥ የተጨማደደ የትራም ቲኬት ነበር፤
መለስኩለት። ሹባውንም ጭምር።

ማታ አባቴ ደወለ።
ሁልጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «ያስታውሱናል?»
አቡ ኒዛር መብራት እያጠፋ ነው፤
ካፖርቶቹ በጨለማው ውስጥ
የዳቦ ወረፋ እንደያዙ ሰዎች ቆመዋል፣ እጅጌያቸው ባዶ።
«ዳ፣ ታቫሪሽ ማዮር» አልኩት።
ከስልኩ ወዲያ፣ በነጠላ ጫማ፣
ተረከዝ ሲጋጭ ሰማሁ።