ለማየት ይከፈላል

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
መስኮቱ ግንብ እንጂ አያሳይም ሰማይ።
አሥራ ሁለት ገላ፣ ስድስት ድርብ አልጋ፣
ኤሲው እያሳለ ሌሊቱ እስኪነጋ።
ቁማር እዚህ አገር ስለሚያሳስር በር እንዘጋለን፣
አንድ ቆሎ ሽምብራ በአንድ ድርሃም ቆጥረን እናሲዛለን።

ፊሊፒኖው ሮዴል ነው ፖከር ያስተማረን፣
ከደንቡ አንዲቱን ግን ደጋግሞ አስቆጠረን፦
“ካርታ ጥሎ የወጣ
አይጠይቅም የሌላውን ዕጣ።
ለማየት ይከፈላል።”

ዓርብ ዓርብ ትመጣለች የሙሄ የአጎት ልጅ፣
ትርንጎ፦ ክሎሪን የላጠው ቀጭን እጅ።
ዘጠኝ ወር ሙሉ ያለ ክፍያ ኑሮ፤
ማዳም “ቡክራ”፣ ባባም “ቡክራ”፣ ያው አንድ ከበሮ።
እናቷ ግን አታውቅም። ከእኔና ከሙሄ ትበደርና
ወደ መርሳ ትልካለች፣ “ጨመሩልኝ” ብላ፣ “ተመስገን ነው፣ ጤና።”

ያን ዓርብ እጄ ላይ ሁለት ንጉሥ ወድቆ
ልቤ ይዘል ጀመር ፊቴን አስጨንቆ።
“ሃያ” አለች፤ ገባሁ። “አርባ” አለች፤ ገባሁ።
የመጨረሻው ካርታ ሲገለጥ ግን ባባሁ፤
ክንዷን እንደ በራፍ በሰፊው ዘርግታ፣
ያላትን በሙሉ ወደ መሐል ገፍታ፣
ጥፍሯን ታያለች፤
ታዛጋለች።

ሦስት መቶ ሽምብራ፦ የአንድ ወር ምኝታ።
ሁለቱን ንጉሦች ጣልኳቸው በዝምታ።
“ምን ነበረሽ?” አልኳት። ካርታውን በውዛ
“ለማየት ይከፈላል” አለች እንደ ዋዛ።
ከበላችኝም ላይ አንዷን ፍሬ አንሥታ ቆረጠመች፤
አንድ ድርሃሜን ከነነፍሱ ዋጠች።
ያን ሌሊት ከትራሴ ሥር ንጉሦቹ ሲያወሩ፣
“በአንዲት ማዛጋት ሸጠን” እያሉኝ አደሩ።

ሰኞ ጠዋት ደወለች። “ነጭ ሸሚዝ አለህ?”
“የዘበኝነቴ።” “አርማውን ፍታው። ክራቫትስ ታገኛለህ?”
“የሙሄ፣ የሠርጉ።” “ይበቃል። መኪና ተከራይ፣ ጥቁር፤
ከሱቁ ፊት ቁም። አትሳቅ። በስልክ አማርኛ ደርድር።”

ባባ ሽቶ ይሸጣል። ገባች፣ በክንዷ ሰማያዊ ፋይል፣
ውስጡ የሱፐርማርኬት ወረቀት፦ ዶሮ በቅናሽ፣ ሩዝ፣ የቆርቆሮ ፉል።
የሚገባት ዘጠኝ ወር፤ እሷ አሥራ ሁለት አለች።
“ከነካሳው። ከነትኬቱ። ጠበቃዬ ውጭ ነው” ብላ፣
በፊቱ ተቀምጣ የማታውቀው ሴት
ወንበር ስባ ተቀመጠች።

በመስተዋቱ አየኝ።
እኔ በጠፋ ስልክ ሽንኩርት እቆጥራለሁ፣ ምስር፣ የጨው ዋጋ፣
ክራቫቱ አንቆኝ፣ ጉልበቴ ሲርድ፣ ፊቴን ግን ሳላናጋ።

ፓስፖርቷን ከመሳቢያ አወጣ። የሰባት ወር ቆጠረ።
ሁለት ወሯ ግን እዚያው ከሽቶው መሐል ቀረ።
“ትንሽ ብትገፊው ኖሮ” ብላት፣
“ሌላ የምገፋው መች ነበረኝ?” አለች፤
ፋይሉን ከፍታ የዶሮውን ዋጋ አነበበች።

አውሮፕላን ጣቢያው በር ላይ ሆና ለእናቷ ደወለች።
“ማዳም አትሂጂ ብላ አለቀሰች” አለች።
እናት ከወዲያ እልል ትላለች፤
አምና ይሁን፣ ወይስ እሷም ካርታዋን ጣለች?

ከኪሴ ሦስት መቶ ድርሃም አውጥቼ፣ “ይኸው፣ ከፈልኩ፤
ያን ዓርብ ምን ነበረሽ?” አልኩ።
ገንዘቡን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ሸጎጠች።
“ሁለትና ሰባት” አለች።

ቀና ብዬ ፊቷን አየሁ።
ጥፍሯን ታያለች፤
ታዛጋለች።