የሆድ ሕመም፤ አለ / የለም

ከማራኪ ወጣሁ፣ ቅጾቼን ታቅፌ፣
ለማስተርስ ልምምድ አዘዞ ወረድሁኝ፣ ባጃጅ ላይ ተጣጥፌ።
ርእሰ መምህሩ «ሳይኮሎጂስት መጣች» አሉና
ከስፖርት ዕቃ ቤት አስገቡኝ፣ ቢሮ የለምና፦
የተነፈሰ ኳስ፣ የተበጠሰ መረብ፣
እኔም በመሐሉ፣ ሰው ለማንበብ ሳነብ።

ደርሶ የሚባል ልጅ፣ ከአምስተኛ «ለ»፣
«ሆዴን ነው» አለና ሌላ ቃል አላለ።
ጤና ጣቢያ ወስደው፣ ሦስቴ አስመርምረውት፣
አሜባም ወስፋትም፣ ምንም አጡበት።

ቅጹ ይጠይቃል፦ «የሆድ ሕመም፤ አለ? የለም?»
ሆድን ጨጓራ ብቻ የሚል፣ የተተረጎመ ዓለም።
በኛ ግን ሆድ ይባባል፣ ሆድ ይብሳል፣ ይከፋል፣
«ሆድ ይፍጀው» እየተባለ ስንቱ ሌሊት ያልፋል።

ብዕሬን ከደንሁ፤ ፓምፑን አቀበልሁት፤
መርፌዋን በምራቁ አርሶ ሲሰካት አየሁት።
ነፋ። ተነፈሰ። ደግሞ ነፋ። ጣቱን
ልሶ፣ ዳብሶ፣ ዳብሶ ስፌቱን፣
ምራቁ አረፋ ሲሠራ አንዲት ቦታ፣
«እዚህ ጋ ነው» አለኝ፣
ቀስ ብሎ፣ በእርጋታ።

ሪፖርቱን ምን ልበል፣ ሲጠይቅ አስተማሪ?
ሐሙስ እመለሳለሁ፤ ማስቲሽና ቁራጭ ከመነዳሪ።